የማልሳሳተው እኔና የአዋላጇ ቀሚስ

መስከረም 19

ሁለት ኮት አጠበብኩ፣ አንድ ዚፕ ቀየርኩ። ዝናብ ስለዋለ ደንበኛ አልነበረም። ልጄ ከላቦራቶሪ ስትመለስ ወደ ስፌት ሱቄ ጎራ ብላ የተደባለቁትን የልብስ ቁልፎች በየቀለማቸው ለየችልኝ። ስለ ሠርጓ አላነሳችም። እኔም አላነሳሁም።

ባለፈው እሑድ የእኛና የካቶሊኩ እጮኛዋ ቤተሰብ ሲተዋወቅ፣ ምሳ ላይ፣ ሁሉም እየሰማ፣ "ካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ እግሬ አይገባም፣ የልጄም ሠርግ ቢሆን" ብያለሁ። አልኩ፣ አልኩ ነው። እኔ የወንጌል ሰው ነኝ። ሰው ሆኖ የማይሳሳት አለ የሚሉ ሰዎች ዘንድ ምን ልሠራ? ልጄ ሳህን ልታነሳ ብድግ አለች። "እሺ እማዬ" አለች። ከዚያ ወዲህ ያልኳትን ሁሉ "እሺ እማዬ" ነው። ጭቅጭቅ የለም። ሰላም ነን... ይመስለኛል።

መስከረም 24

የሙሽራው እናት ልትለካ መጣች። አዋላጅ ናት፤ ሠላሳ ዓመት ሕፃን ስትቀበል የኖረች ወፍራም፣ ሳቂታ ሴት። እጇ ሁልጊዜ ሳሙና ሳሙና ይላል። ከቦርሳዋ ሰማያዊ ሐር አወጣች። ሟቹ ባሏ የገዛላት ነው። አሥራ አንድ ዓመት በሳጥን አስቀምጣዋለች። "ለልጄ ሠርግ ብዬ ነው" አለች። ጣቴን ሳሳርፍበት... እንዲህ ያለ ጨርቅ ዛሬ የለም። ለድግሱ የገዛሁት የእኔ ወይን ጠጅ ቀለም ጨርቅ አጠገቡ ሲቀመጥ አፈረ።

እሷንም ራሴንም አንድ ላይ ልለካ ብዬ ደብተሩን ለሁለት ከፈልኩት። ወገቧን እየለካሁ አላስችል አለኝ። የሮማው ፓፓ አይሳሳቱም ትላላችሁ አይደል አልኳት።

"ኧረ ይሳሳታሉ" አለች። "ይቆጣሉ፣ ይረሳሉ፣ ኃጢአትም ይሠራሉ። አይሳሳቱም የምንለው በሥልጣናቸው ሆነው ስለ እምነትና ስለ ምግባር ለመላው ቤተ ክርስቲያን ሲወስኑ ነው። እሱም ከስንት አንዴ።"

ሥጋ የለበሰ ሁሉ በደለኛ ነው አልኳት፤ መጽሐፉ አንድም ሰው አላስቀረም። እሷ ግን ይህን እንኳ ለእኔ ይተዉልኝ አለች፤ በእጇ ካለፉት ሕፃናት ሁሉ ታጥቦ የመጣ አንድም አላየችም። ሳልፈልግ ሳቅኩ። መርፌ ቁልፉ ከአፌ ሊወድቅ ነበር። ታዲያ ኃጢአት የሚሠራ ሰው እንዴት አይሳሳትም ብዬ ስይዛት፣

"ኃጢአታቸውንማ ለአንድ ተራ ቄስ ይናዘዛሉ። እንደ እኔው" አለችኝ።

እልህ ያዘኝ። ሜትሩን እየጎተትኩ ቁጥር ጻፍኩ።

ራት ላይ ለባሌ ነገርኩት። ሹፌር ሳለ ዓይኑ ከመንገድ አይነቀልም፣ አፉ አይከፈትም ነበር፤ ጡረታ ወጥቶ ምላስ አበቀለ። "እኛም ቤት አንዲት አለችን" አለ። "ስፌት መኪናው ፊት ከተቀመጠች የተናገረችው ሁሉ ሕግ ነው። ልዩነቱ፣ የእነሱ ይናዘዛሉ።"

ወጡን አልጨመርኩለትም።

መስከረም 28

ሐሩን ቆረጥኩ። መቀሱ እንደ ውሃ ሄደ። እጄ ይባረክ።

ጥቅምት 1

ምን ልጻፍ?

አዋላጇ ለሙከራ መጣች። መጋረጃው ውስጥ ሆና "ጀርባው እምቢ አለኝ" አለች። ገብቼ አየሁ። ጀርባዋ ላይ ከአንድ ስንዝር በላይ ክፍት ነው። ወጥቼ ደብተሩን ገለጥኩ። ከእኔ በኩል ደረት መቶ ስምንት ይላል። እኔ! በእርግዝናዬ እንኳ መቶ ያልሞላሁት ሴት! የእሷን ከእኔ፣ የእኔን ከእሷ ጽፌዋለሁ። በእኔ ልክ ነው የቆረጥኩት። የሟች ሐር። አይቀጠል፣ አይተካ።

ወጣች። መስታወቱ ፊት ቆመች። አፌም ተከፈተ።

"ከለካሁዎት ወዲህ ወፍረዋል" አልኩ።

ሆዷን በእጇ ያዘች። አልተከራከረችም። "እውነትዎን ነው... ሠርግ ሲቀርብ መብላት አበዛሁ። ይቅርታ፣ እርስዎንም አስቸገርኩ" አለች።

ይቅርታ አለችኝ። እኔን።

ጥቅምት 2

ሳላስበው ነው ያመለጠኝ። የአፍ ወለምታ...

አይ። አስቤ ነው። መስታወቱ ጋ እስክትደርስ ሦስት እርምጃ ነበር። በሦስቱም አስቤያለሁ።

ጥቅምት 6

ልጄ መጣች። የእጮኛዋ እናት ራት መብላት አቁማለች አለች። ካሮትና ውሃ ብቻ። ትናንት ማዋለጃ ክፍል ውስጥ ራሷን አዙሯት ወንበር ሰጧት። ልጇ ቢለምናት "ቀሚሱ ሊገባኝ ይገባል፣ የአባትህ ነው" ትላለች።

"እማዬ፣ ምን ብለሻት ነው?"

ምንም አልኳት። ሁለተኛ ውሸት፣ ያውም ለገዛ ልጄ። ዓይን ዓይኔን አየችኝ።

"እሺ እማዬ" አለች።

ይቺን ቃል መስማት አስጠላኝ። ለካ እሺታ አይደለም። በር ስትዘጋብኝ ነው የከረመችው።

ጥቅምት 7፣ እሑድ

የእኛ ሰባኪ "ሁላችን ኃጢአተኞች ነን" ሲል አሜን አልኩ። ከረድፉ ሁሉ ጮክ ብዬ። ከዚያ አፈርኩ። "ሁላችን" ሲባል እንዴት ይቀላል! ሕዝብ ውስጥ ይደበቁበታል። ስንት ዓመት ሁላችን ኃጢአተኞች ነን እያልኩ ኖርኩ... እኔ አጠፋሁ ያልኩበትን ቀን ግን ባስታውስ ባስታውስ አጣሁ። ቁልፉ ሲላቀቅ የደንበኛው ጥፋት። ወጥ ሲያር የእሳቱ። የሩቅ ፓፓ አይሳሳቱም ተባለ ብዬ ስቆጣ... የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች ማለት እኔ ነኝ።

ነገ እሄዳለሁ።

ጥቅምት 8

ሄድኩ! ደብተሩን በጉያዬ ይዤ። የክሊኒኩ ኮሪደር በእርጉዞችና በሚንቆራጠጡ አባቶች ተሞልቷል። አዋላጇ ቆይታ ወጣች። አረንጓዴ ልብስ፣ እጇ እስከ ክርኗ ርጥብ። ፊቷ መንምኗል። ሰው መብዛቱን ሳይ ሌላ ቀን ልምጣ? አልኩ በልቤ። ሌላ ቀን እንደማልመጣ ግን ራሴን አውቃታለሁ።

"አልወፈርሽም" አልኳት። አንቺ ማለቴን ያወቅኩት ካልኩ በኋላ ነው። "እኔ ነኝ የተሳሳትኩት። ቁጥሩን አገላብጬ ጽፌ ሐርሽን በእኔ ልክ ቆረጥኩት። አውቄው ደግሞ ዋሸሁሽ።"

ደብተሩን ተቀብላ አየች። ጨርቁ ይመለስ እንደሆነ ጠየቀችኝ። አይመለስም አልኳት። ዓይኗ ሞላ። ይሄ ነው የሚያመኝ፤ ቀሚሱን አይደለም ያለቀሰችው፣ ሰውየውን ነው። ሰበብ አልፈለግኩም። ለመጀመሪያ ጊዜ ሰበብ አልፈለግኩም።

ከዚያ "ሰባት ቀን ካሮት!" አለች። ሳቀች። ትከሻዋ እስኪንቀጠቀጥ። ነርሷ በር ከፍታ አየችን። "ባሌ ቢኖር ደግሞ መሬት ላይ ይንከባለል ነበር" አለች። እኔም ስስቅ እንባዬ መጣ፣ ወይም ሳለቅስ ሳቄ መጣ፣ አላውቅም።

"ይቅር ብዬሻለሁ" አለችኝ። "ቄስ አይደለሁም፤ ንስሐ ግን እሰጥሻለሁ። ምሳ ጋብዢኝ።"

ማዶ ካለው ምግብ ቤት ሁለት ሰሃን ሩዝ በሥጋ፣ ዳቦ፣ ኬክ። እሷ ስትበላ እያየሁ ጠገብኩ። ሁልጊዜ ስትናዘዢ እንዲህ ያስፈራል ወይ ብላት፣ ሁልጊዜ ነው፣ የፓፓውም ጉልበት ሲንበረከክ ይብረከረክ ይሆናል አለች። እግዚአብሔር ፊት ብቻ መናገር ይበቃል አልኳት። ይበቃል ብለሽ ታዲያ ለምን ኮሪደር ድረስ መጣሽ አለችኝ። እሺ... ይቺን ረታችኝ። በእግሬ ተመለስኩ። ደስታ ነው የነዳኝ፣ ታክሲ መያዝ እንኳ ረስቼ።

ጥቅምት 9

ተራው የልጄ። ይሄኛው ከበደ።

ክፍሏ ገባሁ። ነጭ ጋውኗን ትተኩስ ነበር። ካውያውን እስክታስቀምጥ ጠበቅኩ። ስለ ፓፓው ያመንኩትን አልተውኩም፣ አልተውምም አልኳት። "እግሬ አይገባም ያልኩት ግን እምነት አልነበረም፤ እልህ ነው። በድዬሻለሁ።"

እሺ እማዬ አላለችም። አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀመጠች።

"ወደ በሩ ዞር እንዳልል እየተለማመድኩ ነበር" አለችኝ። "ቃል ስገባ። መጥተሽ እንደሆነ ብዬ እንዳላይ።"

አቀፍኳት። እንደ ሕፃንነቷ ጭንቅላቷን አንገቴ ሥር ቀበረች። ሁለታችንም አለቀስን፣ ጋውኑ እንደገና ተጨማደደ። ልጄን አገኘኋት። ልጄን መልሼ አገኘኋት!

ጥቅምት 14፣ እሑድ

የሠርጉ ቀን እንግዳ እንዳልሆን አዋላጇ ቤተ ክርስቲያኗን ልታሳየኝ ወሰደችኝ። መጨረሻው አግዳሚ ላይ ተቀመጥኩ፣ ለመውጣት እንዲመቸኝ። ቅዳሴው ገና ሲጀመር ሁሉም ደረታቸውን መቱ። በእኔ ጥፋት፣ በእኔ ጥፋት ይላሉ። ሽማግሌው፣ ተማሪዋ፣ አጠገቤ ያለችው አዋላጅ። ቄሱም! ቄሱም ደረቱን መታ። "ሁላችን" አይደለም የሚሉት። "እኔ" ነው። በዚህ ቤት ይህን እሰማለሁ ብዬ አልጠበቅኩም።

እጄ ደረቴ ላይ አልወጣችም። ግን ከጉልበቴ ተነስታ ነበር።

ስንመለስ ስለ ፓፓው እስከ ሰፈር ድረስ ተከራከርን። እሷ፦ አንድ ዳኛ ከሌለ ሁሉም ለራሱ ዳኛ ይሆናል። እኔ፦ ዳኛውም ከአዳም ልጅ ነው፣ ቃሉ ይበቃል። አልተስማማንም። ሻይ ጠጣን። እንደገና አልተስማማንም።

ጥቅምት 19

መላው መጣልኝ። የሐሩን ጎንና ጎን ተረተርኩ። የራሴን ወይን ጠጅ ጨርቅ ቆርጬ ከብብት እስከ ጫፍ አስገባሁበት። መጀመሪያ ግን እንደገና ለካኋት። ሁለት ጊዜ። ቁጥሩን ራሷ ጻፈች።

አሁን የእኔ ቀሚስ የለም። አሮጌውን ቡናማ እለብሳለሁ። ምን አለበት? ልጄ ናት የምታገባው።

ባሌ መነጽሩን አድርጎ መርፌ ሲሰካልኝ አመሸ። ለአዋላጇ ያልኳትን ተሳሳትኩ የሚል ቃል አንዴ ድገሚልኝ፣ በጆሮዬ ልስማው ይላል። አልደገምኩለትም። ሁሉም ነገር ልክ አለው።

ጥቅምት 27፣ ቅዳሜ

ድካም ገደለኝ፣ ግን ሳልጽፍ አልተኛም።

አዋላጇ በሰማያዊና በወይን ጠጅ ስትገባ ሰው ሁሉ ዞረ። አንዲት ሴትዮ ግቢው ውስጥ ያዘችኝ፤ ያንን ዲዛይን ከየት አመጣሽው፣ ለእኔም ሥሪልኝ አለች። ስህተቴ ነው አልኳት። ትሕትና መሰላት። ማክሰኞ ልትለካ ትመጣለች።

ከሁሉም ግን ይሄን ልጻፍ። በሩ ላይ ልንገባ ስንል ልጄ ወደ ታች፣ እኔ ወደሰፋሁላት ቬሎ ጫፍ አየች። አባቷ በቀኝ፣ እኔ በግራ።

"እማዬ... ግራው ዝቅ ብሏል እንዴ?"

አየሁት። ሁለት ጣት ያህል ዝቅ ብሏል። ድሮ ብትጠይቀኝ ደረጃው ነው ጠማማ፣ ቀጥ ብለሽ ቁሚ እላት ነበር።

"እኔ ነኝ" አልኳት። "ተሳስቻለሁ።"

አባቷ ዘሎ ዞረ። ልጄ በሙሽርነቷ፣ በቤተ ክርስቲያን በር፣ ሳቀች። የተቀባችው ሊበላሽ እስኪደርስ ሳቀች። ውስጥ ያሉት ሁሉ ዞረው አዩን። መዝሙሩ ተጀመረ።

ዝቅ ያለውን ጫፍ በእጄ ከፍ አድርጌ ይዤላት አብሬያት ገባሁ።