ወንዝ የጣልኩት መድኃኒት

ውድ ሲስተር ኮሪን፣

ደብዳቤ የምትጽፍልኝ ባለቤቴ ነበረች፤ ከሞተች ስድስት ዓመቷ ነው። ፊደሌ ቢጣመም አትሳቂብኝ። የልጅ ልጄ ሬቫ ደኅና ናት። ትጠባለች፣ ትተኛለች። ትናንት የበቆሎ ዳቦዬን ስበላ ጣቴን ይዛ አልለቅም አለች።

የምጽፍልሽ ግን ስለ እናቷ ነው። ልጄ ሚስቲ የሕመም ማስታገሻ ክኒን ሱስ ከያዛት በኋላ፣ ሐኪም ያዘዘላትን ምላስ ሥር የሚቀልጥ መድኃኒት ትወስድ ነበር። እኔ ደግሞ "አንዱን ሱስ በሌላ ለወጥሽ እንጂ ምን ተውሽ?" እላታለሁ። ሬቫን ባረገዘች በሰባተኛ ወሯ ፓኬቱን እንዳለ ወስጄ ወንዝ ጣልኩት። ልጁን ያዳንኩ መስሎኝ ነበር። በሁለተኛው ቀን እየተንቀጠቀጠች፣ ሆዷን ይዛ፣ በአምቡላንስ ሆስፒታል መጣችላችሁ። "በድንገት ማቋረጥ ለፅንሱ አደገኛ ነው፤ መድኃኒትሽ የት ሄደ?" ብለሽ ስትቆጪያት "ጠፋብኝ" አለች። እኔ ኮፍያዬን በእጄ ይዤ እዚያው ቆሜ ነበር። መድኃኒቱን መልሳችሁ ጀመራችሁላት።

ሬቫ ስትወለድ እጅና እግሯ ግትር ብሎ ትንቀጠቀጥ ነበር፤ ጩኸቷ እንደ መጋዝ፣ ጡት መያዝ እንኳ አቃታት። በትክክል የወሰደች እናት ልጅም እንዲህ ልትሆን እንደምትችል፣ እንደሚታከምም ነገርሽን። እኔ ግን ልጆቼን እንዳሳደግኋቸው እየዘፈንኩ ወዘወዝኳት።

"አባባ፣ ወተት እየናጡ ነው?" አልሽኝ። "ዘፈን የለም፣ መብራት የለም። ደረትዎ ላይ አስተኝተው ዝም ይበሉ።"

"ሠላሳ አንድ ዓመት የድንጋይ ከሰል ጉድጓድ ውስጥ የኖርኩትን ሰው ጨለማና ዝምታ ልታስተምሪኝ ነው?"

"እንግዲያው ያሳዩኝ።"

አሳየሁሽ። ጉድጓድ ውስጥ ከሥራ በፊት ቁጭ ብለን ሊናድ ይሆን ብለን ጣሪያውን እናዳምጣለን፤ የተንቀሳቀሰ ሰው ስንጥቁን አይሰማም። እንደዚያው ተቀመጥኩ። ሚስቲ ስትደክም እኔ፣ እኔ ስደክም እሷ። ለሬቫ የምትሰጧትን የመድኃኒት ጠብታ እየቀነሳችሁ በአሥራ ሦስተኛው ቀን አቆማችሁት። በማግሥቱ ሬቫ ከምሳ በኋላ ተኝታ እስከ አሥር ሰዓት አልነቃችም። ሚስቲ "አባዬ፣ አሁን መተንፈስ ትችላለህ" ብላ ሳቀችብኝ።

አሁንም ጠዋት ጠዋት መድኃኒቷን ትወስዳለች። እስኪቀልጥ መናገር ስለማትችል፣ ሬቫን ታቅፌ አጠገቧ ቁጭ እላለሁ። ደስ የሚል ዝምታ ነው። ባለፈው እሑድ ግን እኔው ሰበርኩት፤ ጥፋቴን ነገርኳት።

"አውቃለሁ" አለችኝ ሲቀልጥላት። "ፓኬቱን ወንዝ ዳር ድንጋይ ላይ ረጥቦ ተበላሽቶ አይቼዋለሁ።"

"ታዲያ ለምን አልተናገርሽም?"

"ከሆስፒታል ያባርሩሃል ብዬ። ከዚያ ሬቫን ማን ያቅፍልኛል?"

ሲስተር፣ እኔ ይቅርታ መጠየቅ አላውቅበትም። መዝገቧ ላይ "ጠፋብኝ አለች" ብለሽ የጻፍሽውን ግን ሰርዢልኝ። "አባቷ ወንዝ ጣለው" ብለሽ ጻፊ። ስሜንም ሙሉውን አድርጊው፣

ሆባርት ስቲልትነር
የሬቫ አያት