ሪባን የታሰረበት የጨረር ማሽን

ግልጽ ደብዳቤ ለተከበሩ ዶክተር ካፓምብዌ፣
የሆስፒታላችን ዋና ሥራ አስኪያጅ፤ ንዶላ ከተማ

ክቡርነትዎ፣ ተገዝቶ፣ ተተክሎ፣ ተፈትሾ ያለቀ ማሽን ለምን ሥራ አይጀምርም ብሎ ያልጠየቀ የከተማችን ሰው ይኖር ይሆን? ከሁሉ አስቀድሜ ግን ጤናዎን፣ በተለይም የልብዎን ደህንነት፣ ከፍ ባለ አክብሮት እመኛለሁ።

እኔ በቅርቡ ተመርቄ በጨረር ሕክምና ክፍልዎ በፊዚክስ ባለሙያነት የተቀጠርኩ ወጣት ነኝ። የጡት ካንሰርን በጨረር የምናክምባቸውን ዘዴዎች በተማርኩት መሠረት አወዳድሬ እንዳቀርብልዎ ይፈቀድልኝ።

፩ኛ. አሮጌው የኮባልት ማሽን። ብዙ እናቶችን አክሟልና አላማውም። ነገር ግን ግራ ጡት ሲታከም ከሥሩ ያለውን ልብ ከጨረሩ ማሸሽ አይሆንለትም፤ ቆዳንም በብርቱ ያቃጥላል።

፪ኛ. አዲሱ ማሽን። ታካሚዋ አየር በደንብ ስባ ትንፋሿን ስትይዝ ሳንባዋ ይነፋና ልቧን ከደረቷ ግድግዳ ያርቀዋል፤ ማሽኑም ጨረሩን የሚለቀው ያኔ ብቻ ነው። ስትተነፍስ ያቆማል። ፈቃዱ መጥቷል፤ ልኬቱን እኔም አብሬ ለክቻለሁ፤ እንከን አላገኘንበትም።

፫ኛ. ሆስፒታላችን ለዓለም ያበረከተው ዘዴ፣ ማለትም ክቡር ሚኒስትሩ መጥተው ሪባን እስኪቆርጡ መጠበቅ። ቀጠሮው በተዛወረ ቁጥር ድንኳኑ ይነቀላል፣ ወንበሩ ይመለሳል፣ የማሽኑ ክፍል ግን እንደተቆለፈ ነው። ይህ ዘዴ በእርግጥ ቆዳ አያቃጥልም። ልብንም አይነካም። ካንሰሩንም እንዲሁ።

በገበያ ደረቅ ካፔንታ ዓሣ የሚሸጡት፣ የቤተ ክርስቲያናቸው የእናቶች መዘምራን መሪ ባና ቾላ የግራ ጡት ታካሚ ናቸው፤ ልባቸውም ቀደም ሲል በወሰዱት የካንሰር መድኃኒት ደክሟል። ለአዲሱ ማሽን ትንፋሽ አያያዙን ያለማመድኳቸው እኔ ነኝ። አብሬያቸው ትንፋሼን ይዤ እኔ ቀድሜ ስተነፍስ «አንተ ልጅ፣ ለመሆኑ ታማሚው ማነው?» እያሉ ይስቁብኝ ነበር። ባለፈው ሐሙስ የሪባኑን ነገር ስነግራቸው «ታዲያ ምን ችግር አለው? እኔ መቀስ አለኝ!» አሉ። ሳቃቸው ሲበርድ ግን ጠጋ ብለው «እንዲያው ልጄ፣ ሚኒስትሩም ጡታቸውን ነው የሚያማቸው?» ብለው ጠየቁኝ። አፍሬ መሬት መሬት አየሁ።

ስለዚህ ኀፍረት ክቡርነትዎን አመሰግናለሁ፤ ዩኒቨርሲቲው ይህን አላስተማረኝም ነበር። አሁን ሚኒባስ ስሳፈር ባጄን ኪሴ እከታለሁ። እናቴ ለጎረቤት «ልጄ እኮ የአዲሱ ማሽን ሰው ነው» ስትል ወደ ጓዳ እገባለሁ።

ሐኪማቸው ከዚህ በላይ መቆየት አይቻልም ብለዋልና የባና ቾላ ሕክምና ሰኞ ጠዋት ይጀመራል። በየትኛው ማሽን ላይ እንደሚተኙ የሚወስነው በክቡርነትዎ እጅ ያለው ቁልፍ ነው። እባክዎ ከሰኞ በፊት በአንድ መስመር እንኳ ይመልሱልኝ፤ ይህን የምታነቡ የታካሚ ቤተሰቦችም በየስማችሁ ከእኔ ጋር ጠይቁ።

ለሪባኑ ክብር ሲል ወደዚያ በር ዝር የማይል፣ አንገቱን የደፋ ታዛዥዎ፣
ካሶንዴ ምፑንዱ

ድኅረ ጽሑፍ፦ የፕሮቶኮል ክፍልዎ ለምርቃቱ ፎቶግራፍ ማሽኑ ላይ የምትተኛ ፈገግታ ያላት ታካሚ እንዳፈላልግ አዞኛል። ባና ቾላ ፈቃደኛ ናቸው፤ ፈገግታም አይቸግራቸውም። ብቻ «ስተኛ ማሽኑ ይብራልኝ» ብለዋል።