አርባ ደቂቃ ዘግይቼ

የኔ ትርንጎ፣

እንደምን ነሽ እንዳልልሽ መልሱን ከማን እሰማለሁ። ከተለየሽኝ ዛሬ ሦስት ወር ከዐሥር ቀን ሆነ። ክረምቱ ወጥቷል፤ እዚህ ማርቆስ ፀሐይ ነው። የተከልሽውን ጎመን ጎረቤት እየቀጠፈ ይበላል፤ እኔ አልቀምሰውም። እህትሽ ሙሉነሽ ልብስሽን ልውሰድ ብትለኝ ተቆጣኋት፤ ኋላ ይቅርታ ልጠይቃት ሄጄ እዚያው ደጃፏ ላይ አለቀስሁ።

ትናንት ዐሥራ ሁለተኛ ክፍል ገብቼ ያንን የሰዓትና የርቀት ትምህርት ማስተማር ጀመርሁ። አንድ እሁድ ምስር ስትለቅሚ ነግሬሽ ነበር። የሚጓዝ ሰው ሰዓት ከተቀመጠው ሰው ሰዓት ወደ ኋላ ይቀራል፤ መንገዱም ለተጓዡ ያጥራል፤ ብቻ ፍጥነቱ ወደ ብርሃን ፍጥነት ካልተጠጋ ልዩነቱ አይታይም ብዬሽ። አንቺ ሳቅሽብኝ። ቤት ተቀምጦ ለሚጠብቅ ሰው ጊዜው እንደሚረዝም ለማወቅ ፊዚክስ መማር አያስፈልግም አልሽኝ።

ያረፍሽ ዕለትም ስትጠብቂኝ ነበር። ደጀን ደርሶ ይሆን እያልሽ ደጋግመሽ መጠየቅሽን ሙሉነሽ ነግራኛለች። ደርሼ ነበር፣ ትርንጎ። አዲስ አበባ የክረምት ኮርሴን አቋርጬ፣ መታመምሽን የሚናገረውን ቴሌግራም በኪሴ ይዤ፣ ደጀን ሻይ እየጠጣሁ ነበር። አውቶቡሳችን ጎማው ፈንድቶ ቆሟል። አንድ የጨው መኪና ነጂ፣ ከጭነቱ ላይ ከተቀመጥህ ልውሰድህ አለኝ። ዝናብ ያካፋ ነበር። ለጃንሆይ ልደት ያሰፋሁት ኮት እንዳይበላሽ ብዬ እምቢ አልሁ። ለኮት! መኪናው ከእኛ አንድ ሰዓት ቀድሞ ማርቆስ ገባ። እኔ ከአልጋሽ ስደርስ ካረፍሽ አርባ ደቂቃ ሆኖሽ ነበር። ሃያ ደቂቃ እጅሽን ይዤ በቆየሁ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ቀመሩን ይዤ ያችን አርባ ደቂቃ ልሽር እታገላለሁ። በተራራቁ ቦታዎች የሆኑ ሁለት ነገሮችን አንዱ ተመልካች እኩል ሆኑ ሲል፣ የሚጓዘው ሌላው ተቀዳደሙ ሊል ይችላል። እንግዲያው ሞትሽና መድረሴ እኩል የሚሆኑለት ተመልካች የትም ይሁን የት ይኖር ይሆን ብዬ ስንት ወረቀት አበላሸሁ። የለም። ሁለቱም የሆኑት እዚያው አንድ አልጋ አጠገብ ነው፤ ቅደም ተከተላቸውን ማንም አይለውጠውም። በቀጥታ እየበረረ የሚያልፍ ሁሉ ከአርባ ደቂቃ አስበልጦ ይለካዋል እንጂ አያሳንሰውም። ከሁሉ አጭሩን ጊዜ የሚለካው ከአልጋው አጠገብ የተቀመጠው ነው። ይህን ሰሌዳው ላይ ጽፌ ወደ ልጆቹ ዞርሁ፤ ጠመኔውን አስቀመጥሁ። ትቻቸው ወጣሁ።

ኮቱን ከዚያ ቀን ወዲህ አልለበስሁትም፤ ከተሰቀለበት አላወረድሁትም።

አንድ ነገር ቃል ልግባልሽ። በሕይወት እስካለሁ ድረስ፣ በየወሩ ባረፍሽበት ቀን፣ ካረፍሽበት ሰዓት ጀምሮ ከአልጋሽ አጠገብ እቀመጣለሁ፤ አርባውን ደቂቃ ሙሉ። ማንም ቢጠራኝ አልነሳም። እስካሁን ሦስት ጊዜ ተቀምጫለሁ። ከሁሉ አጭሩ ይህ ነው ብዬ አስተምሬያለሁ። አያልቅም፣ ትርንጎ። አያልቅም።