አደባባዩ ላይ ስለተሰቀለው ፊቴ፣ ለቢራ ፋብሪካው ዋና ሥራ አስኪያጅ

ለተከበሩ ዋና ሥራ አስኪያጅ፣
ባሉበት።

ክቡር ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬን አቀርባለሁ። ጤናዎ እንዴት ነው? ቤተሰብዎስ? በተለይ ጨጓራዎን አጥብቄ መጠየቅ እወዳለሁ። የእንጆሪና የቸኮሌት ጣዕም ያለውን አዲሱን ጥቁር ቢራዎን እርስዎ ራስዎ ቀምሰውት አያውቁም ብዬ ስለማምን፣ ጨጓራዎ በመልካም ሁኔታ ላይ እንደሚገኝ አልጠራጠርም። እንደዚያው ያቆይልዎ።

እኔን በስሜ አያውቁኝም፤ በመልኬ ግን አሳምረው ያውቁኛል። ከአደባባዩ ማዶ፣ ፎቅ ቤት በሚያህለው ሰሌዳ ላይ፣ ዐይኔን ጨፍኜ፣ አንገቴን ወደ ኋላ ጥዬ፣ አንድ እጄን ደረቴ ላይ አድርጌ፣ በሌላው የእርስዎን ብርጭቆ ይዤ የምታየው ሴት እኔ ነኝ። ከጎኔ በወርቃማ ፊደል «ወደ ልጅነቴ መለሰኝ» ተብሎ ተጽፏል። በሥራዬ የመኪና መንዳት አሠልጣኝ ስሆን፣ ሠልጣኞቼ «እትዬ ፍሬን» ይሉኛል፤ የቀኑን ግማሽ ይህንኑ ቃል ስጮህ ስለምውል ነው።

ነገሩ እንዴት እንደተጀመረ በሚገባ አልተነገረዎት ይሆናልና ላስረዳዎ። የማሠልጠኛችን ባለቤት የጭነት መኪና ሹፌሮችዎን ስለሚያሠለጥን፣ ለአዲሱ ቢራ የቅምሻ ዝግጅት የጥሪ ካርድ ደረሰው። እሱን ሐኪም መጠጥ ከልክሎታል፤ ሌሎቹ አሠልጣኞች ደግሞ አንዱ ልጁን፣ አንዱ ወገቡን፣ አንዱ አማቱን ምክንያት አድርገው ሸሹ። እኔ ቢራ አልጠላም። ሥራ ጨርሼ፣ የመኪናውን ቁልፍ አስረክቤ፣ አንድ ቀዝቃዛ ቢራ ስጠጣ የሚያየኝ ሰው ቢኖር አላፍርበትም። ስለዚህ ካርዱን ተቀብዬ፣ ደህና ጫማዬን አድርጌ ሄድኩ።

አዳራሽዎ በእውነት ያምራል። ምንጣፉ እግር እስከ ቁርጭምጭሚት የሚያሰጥም ነው። በር ላይ የቆመው ጥበቃ፣ ውስጥ ፎቶ ይነሣል፣ የገባ ሰው እንደተስማማ ይቆጠራል አለኝ፤ እኔም ለማስታወሻ የሚነሣ መስሎኝ ፀጉሬን አስተካከልኩ። ነጭ ጋዋን የለበሰው ባለሙያዎ መድረክ ላይ ወጥቶ ያደረገው ገለጻ ለቢራ ሳይሆን ለእጮኛ የሚገባ ነበር። መጀመሪያ እንድናሸት፣ ቀጥሎ ዐይናችንን እንድንጨፍን፣ ከዚያም ልጅነታችንን እያሰብን እንድንጎነጭ አዘዘን። የታዘዝኩትን ሁሉ አደረግሁ። ትእዛዝ ማክበር ሌላውን ሳስተምር የኖርኩት ነገር ነው።

ሐሰት አልናገርም፤ ሽታው ክፉ አልነበረም። የኬክ ቤት በር ሲከፈት የሚወጣውን ሽታ ይመስላል። ጣጣው የመጣው አፌ ውስጥ ከገባ በኋላ ነው። መጀመሪያ እንጆሪው ደረሰ፤ እንጆሪ ስል ፍሬውን ማለቴ ሳይሆን፣ የልጆች ማስቲካ ውስጥ በእንጆሪ ስም የሚኖረውን ነገር ማለቴ ነው። እሱ ቦታ ሳይለቅ ቸኮሌቱ ገባ፤ ፀሐይ ላይ በቆመ መኪና ውስጥ ተረስቶ ቀልጦ፣ ማታ ደርቆ፣ በማግሥቱ እንደገና የቀለጠ ቸኮሌት። ሁለቱ ምላሴ ላይ ቅድሚያ ሲከለካከሉ፣ መራራው ቢራ ከኋላ በፍጥነት መጥቶ ሁለቱንም ገጫቸው። በሥራዬ ብዙ ግጭት አይቻለሁ፤ በገዛ አፌ ውስጥ ሲደርስ ግን ይህ የመጀመሪያዬ ነው።

ከዚያ ትን አለኝ። የተጎነጨሁት መንገዱን ስቶ ወደ ሳንባዬ አቀና፤ እኔም አየር ፍለጋ አንገቴን ወደ ላይ ሰበቅሁ፣ ደረቴን ያዝኩ፣ አፌን ከፈትኩ። መብራት ብልጭ ያለው ይሄኔ ነው። ትንፋሼ ሲመለስ ባለሙያዎ ማይክራፎኑን አስጠግቶ ምን እንደተሰማኝ ጠየቀኝ። በዚያ ሁሉ ሰው ፊት፣ ልጅ ሳለሁ ሳል ሲይዘኝ እናቴ አፍንጫዬን ይዛ ትግተኝ የነበረውን ሽሮፕ አስታወሰኝ አልኩት። አዳራሹ ሳቀ። እሱም ሳቀና፣ ወደ ልጅነታቸው መልሷቸዋል ብሎ ለሕዝቡ አስተረጎመልኝ። የተናገርኩት እኮ እሱ በሚሰማው ቋንቋ ነበር።

እንግዲህ የደረሰብኝን በቅደም ተከተል ልዘርዝር፤ እንደ እርስዎ ያለ ሥራ የበዛበት ሰው በቁጥር የተቀመጠ ነገር ይወዳል ብዬ ነው።

አንደኛ፣ በከተማው ውስጥ ይህን ያህል ባዶ ግድግዳ እያለ፣ ሠልጣኞቼ ሁሉ መዞር የሚለማመዱበትን አደባባይ መርጠው ስላቆሙኝ ከልብ አመሰግናለሁ። አደባባዩ ጋ ስንደርስ ግራህን እይ፣ ቅድሚያ ስጥ እላለሁ። ልጁ ግራውን ሲያይ እኔን ያያል። ወደ ጎን ሲዞር ደግሞ አሁንም እኔን። አንዱ ሠልጣኝ በሳቅ እግሩ ከፍሬኑ ላይ ተንሸራትቶ የፊተኛውን ታክሲ ከኋላው ሳመው። ሹፌሩ ሊሰድበን እየፎከረ ወረደና፣ እኔን አየ፣ ቀና ብሎ ሰሌዳውን አየ፣ ስድቡንም ዋጥ አድርጎ ሠልጣኜን ትከሻውን መታ መታ አደረገው። በሙያዬ ከተሰደብኩት ስድብ ሁሉ ያ ዝምታ ይብሳል።

ሁለተኛ፣ እዚያው አደባባይ ላይ የሚቆመው የትራፊክ ፖሊስ ለብዙ ዓመት ሳልፍ እጁን አንሥቶ ሰላም የሚለኝ ሰው ነበር። ሰሌዳው በተሰቀለ ሳምንት አስቆመኝ፤ መስኮት አስወርዶ፣ ስለ ጤናዬ እየጠየቀ፣ ጠጋ ብሎ አሸተተኝ። በጨዋ ደንብ ነው ያሸተተኝ፤ አፍንጫውን ያስገባው ስለ እናቴ ደህንነት እየጠየቀኝ ነው። ሠልጣኟ አጠገቤ መሪውን ጨብጣ ተቀምጣ ነበር።

ሦስተኛ፣ የዚያች ሠልጣኝ አባት በማግሥቱ ማሠልጠኛው ድረስ መጥተው፣ ልጃቸውን «ያቺ የቢራዋ ሴትዮ» እንዳታስተምርባቸው ጠየቁ። ባለቤቱ ክፉ ሰው አይደለም። አንገቱን ደፍቶ፣ ነገሩ እስኪረሳ ድረስ ክፍል ውስጥ ብታስተምሪ ይሻላል አለኝና የመኪናዬን ቁልፍ ተቀበለኝ። አሁን ከፕላስቲክ ወንበሮች ፊት ቆሜ የመንገድ ምልክት አስተምራለሁ። ከትምህርቶቹ አንዱ «አልኮልና ማሽከርከር» ይባላል። ይህን ርዕስ ጥቁር ሰሌዳ ላይ ስጽፍ ከኋላዬ የሚሰማውን ሳቅ፣ ክቡርነትዎ አንድ ቀን መጥተው እንዲሰሙት በአክብሮት እጋብዛለሁ። ወንበር አይጠፋም።

ይህን ሁሉ ይዤ ቢሮዎ ድረስ መጥቼ ነበር። እርስዎ ስብሰባ ላይ ነበሩ። ከዚያም በኋላ በመጣሁ ቁጥር ስብሰባ ላይ ነበሩ፤ ይህን ያህል ተሰብስቦ እንዲህ ያለ ቢራ መጥመቅ መቻል ራሱ ያስደንቃል። ያነጋገሩኝ የሕዝብ ግንኙነት ኃላፊዎ ናቸው። ሰሌዳው እንዲወርድልኝ፣ ቢያንስ የተናገርኩት እንደተናገርኩት እንዲጻፍ ለመንኳቸው። እጄን በሁለት እጃቸው ይዘው «የኔ እናት፣ እርስዎ እኮ አሁን ታዋቂ ሰው ነዎት፤ ስንቱ ይህን ዕድል አጥቶ ይኖራል» አሉኝ። ዕድሜያችን እኩል ይመስለኛል።

አራተኛውን ቁጥር እንዴት እንደምጽፈው አላውቅም። ቅሬታ ይሁን ሌላ ነገር ገና አልለየልኝም።

የእኔዋ እናት የምትኖረው አደባባዩ ዳር፣ ከልብስ ሰፊው ሱቅ በላይ ባለች አንዲት ክፍል ውስጥ ነው። ዐይኗ ደክሟል። ጽሑፍ አታነብም፤ ሰው የምትለየው በድምፁ ነው። በጣም ትልቅ ነገር ግን ይታያታል፤ እርስዎ ደግሞ ፊቴን በጣም ትልቅ አድርገው ከመስኮቷ ትይዩ ሰቀሉት። ነይ ብላ ስታስጠራኝ ልትቆጣኝ መስሎኝ፣ ደረጃውን የወጣሁት የማስተባበያ ቃል እያዘጋጀሁ ነው። ስገባ ወንበሯን ከቴሌቪዥኑ አዙራ ወደ መስኮቱ አድርጋዋለች። እጄን ፈልጋ ያዘች።

«ባልሽ ከሞተ ወዲህ እንዲህ ስትስቂ አላየሁሽም» አለችኝ። «ማነው ያሳቀሽ?»

ክቡር ሆይ፣ እማዬ ትን ብሎኝ ነው ልላት አፌን ከፍቼ ነበር። ግን ብርጭቆው ጥቁር፣ ቢራው ጥቁር፣ የሰሌዳው ጀርባ ጥቁር ነው፤ ለእሷ ዐይን ከዚያ ሁሉ ጨለማ ተለይቶ የሚበራው ፊቴ ብቻ ነው። የታየቻት ዐይኗን ጨፍና፣ ደረቷን ይዛ፣ ከልቧ የምትስቅ ልጇ ናት። የሥራ ጓደኞቼ ናቸው ያሳቁኝ አልኳት። ደግ አደረጉ፣ ይባረኩ አለች። እንግዲህ ሳያውቁት በእናቴ አፍ ተመርቀዋል፤ አሜን ያላልኩት እኔ ነኝ።

ከዚያ ወዲህ በየጠዋቱ መስኮቷን ስትከፍት «እንደምን አደርሽ የኔ ልጅ» እንደምትል ልብስ ሰፊው ነገረኝ። እኔ በአካል ስሄድ የምታገኛት ቀኑን ሙሉ ስትጮህ ውላ ድምፅዋ የዘጋ፣ እግሯን የሚያማት፣ ተቀምጣም ቢሆን ሰዓቷን የምታይ ሴት ናት። ሰሌዳው ላይ ያለችው አትቸኩልም። ባለቤቴ ከሞተ ጀምሮ እናቴ ፊት ስቄ እንደማላውቅ እኔ አላስተዋልኩም፤ እሷ ግን ሳቄን ስትጠብቅ ኖራለች። ይህን ቢነግረኝ የምመርጠው ሰው ብዙ ነበር። የቢራ ፋብሪካ ግን ከመካከላቸው አልነበረም።

ባለፈው ሰኞ ኃላፊዎ ደውለው የምሥራች አሉኝ። ሰሌዳው በቅርቡ እንደሚወርድና በቦታው የሙዝ ጣዕም ያለው ቢራ እንደሚሰቀል ነገሩኝ። የለመንኩት ይህንኑ ነው። ደጅ የጠናሁትም ለዚሁ ነው። ሆኖም ስልኩን ጆሮዬ ላይ እንዳደረግሁ ቃል ጠፋኝ፤ እሳቸውም ደስታ መስሏቸው እንኳን ደስ አለዎት ብለው ዘጉት። የእኔን ዝምታና ሳል ወደ ደስታ መተርጎም መቼም የቤትዎ ሙያ ነው።

ስለዚህ፣ ክቡር ሆይ፣ የቀድሞ ልመናዬን አሻሽዬ አቀርባለሁ። በመጀመሪያ ለማሠልጠኛው ባለቤት በፊርማዎ ደብዳቤ ይጻፉና፣ ያቺ ሴት ትን ብሏት ነበር፣ ምርታችንንም ሽሮፕ ብላዋለች ብለው ያስረዱልኝ፤ ቁልፌን እፈልገዋለሁ። ቀጥሎ ሠራተኞችዎን መሰላል አስይዘው ይላኩና ብርጭቆውን ከእጄ ላይ ያስፍቁልኝ። ወርቃማውን ጽሑፍ ያስፍቁ። የፋብሪካዎን ዓርማም ያስፍቁ። ፊቴን ግን ይተዉት። እናቴ መስኮቷን የምትከፍትበት ጠዋት እስካለ ድረስ እዚያው ይቆይ። የሙዙን ቢራ ሌላ ግድግዳ ይፈልጉለት። ይህ ለንግድዎ እንዴት እንደሚመች አላውቅም፤ ፊቴን ሲወስዱ አላማከሩኝምና፣ አሁን እኔም እርስዎን ላማክርዎ አልገደድም።

የዚህን ደብዳቤ ቅጂ ለጋዜጣም ልኬዋለሁና፣ እዚያ ላይ የምታነቡት የአደባባዩ ነዋሪዎች ሆይ፣ ከእናንተም ይልቅ አንተ ልብስ ሰፊው፣ እናቴ ምን ተጽፏል ብላ ብትጠይቅ ስለ መንገድ ጥገና ነው በሏት። ትን ብሏት ነው ብሎ የሚነግራት ሰው ቢኖር፣ መንጃ ፈቃድ ለማውጣት የሚመጣ ዘመድ እንዳለው እንዲያስብ አሳስባለሁ።

ጊዜዎን ሠውተው ስላነበቡልኝ፣ ካላነበቡም ስብሰባው መካከል አንድ ሰው በጨረፍታ ስለሚነግርዎ፣ አስቀድሜ ምስጋናዬን አቀርባለሁ። ዕድሜና ጤና ይስጥዎ፤ ጣዕም የመለየት ችሎታም ጨምሮ ይስጥዎ።

ከማይጓደል አክብሮትና ገና ካልበረደ ንዴት ጋር፣
ሳትጠየቅ የሳቀች አገልጋይዎ፣
እትዬ ፍሬን

ድኅረ ጽሑፍ፦ ለደረሰብኝ መጉላላት ማካካሻ ብለው የላኩልኝን አንድ ሳጥን ቢራ ተቀብያለሁ። አልደፋሁትም። የማሠልጠኛችን መካኒክ ከአሮጌዋ መኪና ጎማ ላይ ዝጎ አልፈታ ያለው ቡሎን ነበር፤ ዘይቱም፣ መዶሻውም፣ ስድቡም አልረዳውም። ከቢራዎ አንድ ጠርሙስ አፈሰሰበት፤ ምሳውን በልቶ ሲመለስ ቡሎኑ በጣቱ ተፈታለት። ሌላ ሳጥን እንድለምንለት ዕለት ዕለት ይጨቀጭቀኛል። ከጠርሙሱ ላይ መጠጥ የሚለውን ቃል ለማንሣት ፈቃድዎ ከሆነ፣ ለማስታወቂያው ፎቶ ሊነሣልዎ ዝግጁ ነው፤ እሱ ደግሞ የሚስቀው የእውነቱን ነው።