ውሃውን አቁም

ሐምሌ 21፣ ሰኞ
ዝናቡ ዛሬም አላባራ አለ። ከመገናኛ ወደ ኮተቤ ታክሲ ውስጥ ተጣብቄ ሳለ ወንድሜ ልደቱ ከፎገራ ደወለ። "እታለም፣ ዩሪያ ማዳበሪያውን ልበትን ነው። ሩዙ ውሃ ውስጥ ነው፤ እንዴት ላድርግ?" "ውሃውን አቁምና በትን!" አልኩት። ለወያላው "ወራጅ አለ!" ብዬ ስልኩን ዘጋሁት። ታናሼ እኮ ያለኔ ምንም አይጀምርም... ደስ ይላል።

ነሐሴ 8፣ ሐሙስ
ልደቱ ደወለ። "ሩዙ ቢጫ ሆነ እኮ። እንዳልሽኝ ነው ያደረግኩት።" ዝናቡ ነው አልኩት። ዘሩም ይሆናል አልኩት። አፈር ላቦራቶሪ እየሠራሁ፣ ሩዝ ቢጫ የሚሆነው ማዳበሪያ ሲያንሰው መሆኑን አጥቼው ነው?... ቆይ፣ ምን ነበር ያልኩት?

ነሐሴ 9፣ አርብ
እራት ላይ ለባሌ ለስምዖን ነገርኩት። "ውሃ አቁም ማለት ዝጋው ማለት አይደል እንዴ?" አለ። ለሱማ አዎ! ኮተቤ ያደገ ሰው ከቧንቧ ሌላ ምን ያውቃል። እኛ አገር ግን ውሃ ማቆም ማሳው ላይ ማስተኛት ነው። አባባ "ውሃ አቁሙ" ሲለን ግድቡን የምንደፍነው እኔና ልደቱ አልነበርንም?

እኔ ቦዩን ዝጋ፣ ውሃውን ከማሳው አፍስስ፣ ጭቃው ላይ በትን ማለቴ ነበር። እሱ ግድቡን ደፍኖ የቆመ ውሃ ላይ በተነው። እንዲያ ሲሆን ዩሪያው ግማሹ ወደ አየር ይሄዳል፤ የተረፈውን ጎርፍ ይወስደዋል። ወይኔ! እናቴን ጨምሮ ስድስት ሰው ነው ከዚያ ማሳ የሚበላው። የገዛ ቋንቋዬን የት ጣልኩት?

ነሐሴ 10
አልደወልኩም።

ነሐሴ 15፣ ሐሙስ
ደወልኩ። የቀረውን ዩሪያ ውሃውን አፍስሰህ ጭቃው ላይ በትን፣ ከዚያ ውሃውን መልስበት አልኩት። "ምን የቀረ አለ እታለም? ሁሉንም በተንኩት እኮ።" ጥፋቱ የኔ ነው ልል አፌን ከፈትኩ... "እማማ ደህና ናት?" ብዬ ዘጋሁ። ፈሪ።

መስከረም 28
የልደቱ ሚስት የማርያምወርቅ ደወለች። ጎረቤት እየሳቀበት ነው አሉ። እሱ ደግሞ "እቴ ደህና አድርጋ ነግራኝ ነበር፤ እኔ ነኝ በደንብ ያልሰማሁ" ይላቸዋል።

ታኅሣሥ 4፣ ቅዳሜ
ልደቱ እንደየዓመቱ በላምበረት መናኸሪያ ሩዝ ላከልኝ። አምና ጆንያውን ስምዖንና ወያላው ተጋግዘው ነበር ያወረዱት። ዘንድሮ ብቻዬን አነሳሁት። በአንድ እጄ።

እዚያው ቆሜ ደወልኩ። "ልደቱ፣ ጥፋቱ የኔ ነው። አነጋገሬ ነው ያሳሳተህ።"
"አውቃለሁ።"
"መቼ አወቅህ?"
"ዝናቡ ነው ያልሽኝ ለት። ስትዋሺ ድምፅሽ ይቀጥናል።"
አለቀስኩ። ሰው ያየኛል አላልኩም። "ታዲያ ሩዙን ለምን ላክህልኝ?"
"ድርሻሽ አይደል? ለክረምቱ ግን በስልክ አይሆንም። ነይና ጭቃው ውስጥ ቆመሽ ንገሪኝ።"
እሺ አልኩት።