በአንተ ስም የተቆለፈው ማረሻ

ይድረስ ለምወድህ ወንድሜ፤

ለጤናህ እንደምን ሰንብተሃል? ቀኑን ሙሉ ስፌት ላይ አቀርቅረህ ስትውል ይይዝህ የነበረው ወገብህስ ተሻለህ? ባለቤትህ፣ ትንሿ ልጅህ ደህና ናቸው? እኔና እናታችን ከናፍቆትህ በቀር ደህና ነን፤ ደህና ያልሆነው ማሳችን ነው።

ሰላምታውን አሳጠርኩብህ፤ ንዴቴ ቀድሞኝ ነው። በሬያችን በበጋ መሞቱን ጽፌልህ ነበር። አሁን በፀሐይ የሚሠራ፣ በእጅ እየነዱ የሚያርሱበት መሣሪያ ለመንደሩ መጥቶ ለእኛም አንድ ደርሶናል። ደርሶናል ስልህ፣ የደረሰውስ ለአንተ ነው። መዝጋቢው እናታችንን "የቤቱ ወንድ ማነው?" ቢላት፣ መዋሸት የማታውቅ ሴት፣ ያንተን ስም ሰጠችው። እሱም "አራሽ" በሚለው ቃል ትይዩ አሰፈረህ። አንተ መርፌ እንጂ ማረሻ ጨብጠህ አታውቅም፤ እኔ አባታችን ከሞተ ወዲህ ሰባት ክረምት አርሻለሁ።

ሥልጠናውን ሦስት ቀን የተቀመጥኩት እኔ ነኝ። አሠልጣኙ መካኒክ "ይቺ እህታችን ከእኔ ይልቅ ቀጥ አድርጋ ታርሳለች" ብሎ በሰው ፊት መስክሮልኛል። የምስክር ወረቀቱ ግን በአንተ ስም ወጣ። እንኳን ደስ ያለህ፣ በከፍተኛ ውጤት አልፈሃል።

ወረቀቱን ይዤ መሣሪያውን የሚያድለው ኃላፊ ዘንድ ብሄድ፣ "እህቴ፣ ባለቤቱ ይምጣና ይረከብ" አለኝ። ሩቅ አገር ነው ያለው ብዬ ብነግረው "ግድ የለም፣ እንጠብቀዋለን" አለ። ዝናቡ እንደማይጠብቅ ማን ይንገረው? መሣሪያው ያለበት መጋዘን ብገባ ደግሞ ሶላሩን በሸራ ጀቡነውታል። ለምን እንደሆነ ጠባቂውን ብጠይቀው "ፀሐይ እንዳያበላሸው ነው፣ እታለም" አለኝ። ላም አለኝ በሰማይ ሲባል እሰማ ነበር፤ የእኛዋ መሬት ወርዳ ሸራ ለብሳለች።

የመጀመሪያው ዝናብ ጥሎ አፈሩ ለስልሷል። በሁለት ሳምንት ውስጥ ካልዘራን ዘንድሮ እናታችንን የምመግባት የምስክር ወረቀትህን ነው። ስለዚህ "አራሿ እህቴ ናት፤ መሣሪያውን ለእርሷ አስረክቡልኝ" የሚል ማመልከቻ ጽፌ ከዚህ ጋር ልኬልሃለሁ። በራስህ እጅ ገልብጠህ፣ ፈርመህ፣ ይህን ባመጣልህ ሰው መልሰህ ላከው። የቤት ሥራ ከእኔ እየገለበጥክ ያደግህ ሰው ነህና አይከብድህም። ያኔ እንዳደረግኸው ግን ስሜን ጭምር እንዳትገለብጥ።

ለባለቤትህ ሰላምታዬ ይድረሳት። ልጅህን ጉንጯን ሳምልኝ። እናታችን አጠገቤ ተቀምጣ "ስሙን የሰጠሁት ናፍቆኝ ነው በይልኝ" ትልሃለች።

አራሿ እህትህ፣
ካልታረሰው ማሳችን ዳር፣
ሰኔ ፮ ቀን