ፋርሂያን ስልክልሽ

ድሬዳዋ፣ ሐምሌ 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለሰገል

ሰላም ላንቺ ይሁን፣ ሆዮ፣ ልጄ። እኔ ደህና ነኝ፣ አልሐምዱሊላህ። ብዙ ስቆም ጉልበቴ ያመኛል እንጂ ሌላ የለብኝም። ድሬ ሰሞኑን ደመና ብቻ ነው፤ ዝናብ ይመስልና ትቶን ይሄዳል።

ይህን ወረቀት ይዛልሽ የመጣችው ፋርሂያ ትባላለች። ሁለት ዓመት እኔ ሥር ሆና የሠራች ጀማሪ መምህርት ናት። በስልክ ያልነገርኩሽ፣ ስልክ ላይ ሁለታችንም «ደህና ነኝ» ከማለት ሌላ ስለማይወጣን ነው። በሶማሊኛ ብጽፍልሽ ደስ ባለኝ። ግን ታውቂያለሽ፣ ፊደል የለየሁት ባለሱቁ ስኳር ከሚጠቀልልበት ቅዳጅ ጋዜጣ ላይ ነው፤ ብዕር ስይዝ እጄ ወደ አማርኛ ይሄዳል።

ቤትሽ የምታድረውን ሰው ማወቅ አለብሽና ስለሷ ልንገርሽ።

ከኮሌጅ እንደወጣች አንቺ ታስተምሪው የነበረው አንደኛ ክፍል ላይ መደቧት። ርዕሰ መምህሩ ነህምያ «ሃዎ፣ መካሪዋ አንቺ ነሽ» አለኝ። መካሪ ይሉሻል፤ የራስሽን ክፍል ግን ማንም አይይዝልሽም። እሷ ስታስተምር ለማየት የምገባው የኔዎቹን ለክፍል አለቃ ጥዬ ነው። ጩኸታቸው በግድግዳው እያለፈ ይመጣል፤ እኔ እዚህ ተቀምጬ የሰው ትምህርት አያለሁ። ከሷ በፊት የሰጡኝን ዮኒስን ታስታውሺዋለሽ? አሁን ባጃጅ ይነዳል። መንገድ ላይ ሲያገኘኝ «መካሪዬ፣ ግቢ!» ብሎ ይጭነኛል፤ ሒሳብ አይቀበለኝም። ያን ሁሉ የደከምኩት በነጻ ልሳፈር ኖሯል።

ፋርሂያ ስትመጣ እቅዷ ያማረ፣ ድምፅዋ የሚሰማ ነበር። በመጀመሪያው ሳምንት ያረፈዱትን በር ላይ አቁማ «ነገ ወላጅ ሳትይዙ እንዳትመጡ!» አለቻቸው። እሷ በተማረችበት ቦታ ይህ ሲባል ወላጅ ይመጣል። የኛ ሰፈር እናቶች ግን ሳይነጋ ገበያ ናቸው። እዚህ ልጅ ወላጅ አምጪ ስትባል ለማንም አትናገርም፤ ዝም ብላ ትቀራለች። መጀመሪያ ቤት ትውላለች፣ ቀጥሎ ዕቃ ታቀብላለች፣ ከዚያ ተማሪ እንደነበረች ሁሉም ይረሳዋል።

ሳምንቱ ሳያልቅ ግማሹ ዴስክ ባዶ ሆነ። ፋርሂያ ግን ደስ ብሏት «አየሽ ኤዶ ሃዎ፣ ክፍሉ ጸጥ አለልኝ» አለችኝ፤ እንደ አክስቷ ኤዶ ነው የምትለኝ።

«ጸጥ ያለው ልጆቹ ስለሌሉ ነው» አልኳት።

የዚያኑ ቀን ከሰዓት ይዣት አሸዋ ገበያ ወረድኩ። ከቀሩት ልጆች የአንዷን፣ የዓምራንን እናት ቱሪያን አገኘናት። ድንችና ሽንኩርት መሬት ላይ ዘርግታ ትሸጣለች።

«አቦ፣ ደግሞ ምን ቀራችሁ?» አለችን ቀና ብላ። «ልጄን አባረራችሁ፤ አሁን ድንቼን ልታባርሩ መጣችሁ?»

«አላባረርኳትም» አለች ፋርሂያ። «እናትሽን ጥሪ ነው ያልኳት።»

«እኔን? እኔ ምን አጠፋሁ?»

«ምንም። ስለ ልጅሽ እንድንነጋገር ብዬ ነው።»

«እኔ ወሬ ልሰማ ስመጣ ይሄን ማን ይጠብቃል? አንቺ ትሸጪልኛለሽ?»

ይህን ያለችው ልትቀልድባት ነበር። ፋርሂያ ግን ፊቷ እንደቀላ «እሸጣለሁ» አለች።

በማግስቱ ሁለቱንም ክፍል አንድ ላይ አጭቄ እኔ ያዝኩ። ፋርሂያ ድንቹ አጠገብ ተቀመጠች፤ ቱሪያ ልጇን ይዛ መጣች። የዓምራንን ስም ሰሌዳው ላይ ጻፍኩላት። «ይሄ ነው እሷ?» አለችና ቆማ አየችው፤ አየችው። ወደ ገበያ ስትመለስ ፋርሂያ ሽንኩርቱን በድንች ዋጋ ጨርሳ ጠበቀቻት። ቱሪያ ሆዷን ይዛ ሳቀች፤ «አንቺ አስተምሪ እናቴ፣ አስተምሪ! ንግድስ አልፈጠረብሽም» አለቻት። ወሬው መደብ ለመደብ ዞረ። ሴቶቹ እየሳቁ ልጆቻቸውን መለሱ።

ከዚያ ወዲህ ወላጅ አምጡ ብላ አታውቅም። ማናገር የፈለገቻትን እናት ገበያው ድረስ ወርዳ አጠገቧ ቁጭ ትላለች። ይህንን ከኔ ወስዳ እኔኑ በለጠችኝ። ዘንድሮ ልጆቿ ያነባሉ፣ ሰገል። ዓምራን በሄደችበት የሱቁን ማስታወቂያ ሁሉ ጮክ ብላ እያነበበች እናቷን ታሰለቻለች።

ሰኔ ላይ ነህምያ የልምምዷን ማጠናቀቂያ ቅጽ አምጥቶ «ሃዎ፣ ፈርሚላትና ይለቅ። መስከረም ሌላ ጀማሪ እሰጥሻለሁ» አለኝ። ከምድጃ ሌላ ዳቦ የሚያወጣልኝ ይመስል። ፈረምኩ። ስንወጣ ፋርሂያ ክንዴን ያዘችኝ።

«ኤዶ፣ ጅቡቲ ልሄድ ነው።»

«ምን ሆነሽ?»

«ደመወዜ ከኪራይና ከምሳ አያልፍም። እናቴ ገጠር፣ ቢዮ አዋሌ ሆና እጄን ታያለች። ደግሞ ሰገል እዚያ አስተማሪ ናት አይደል? እሷ ካገኘች እኔስ ለምን አጣለሁ?»

ምን ልበላት? መምህራኑ ሁሉ የሚያወሩት ይህንኑ ነው፤ የሃዎ ልጅ ጅቡቲ የግል ትምህርት ቤት ታስተምራለች ይላሉ። አንቺ ያልሽኝን ነው የነገርኳቸው።

ነህምያን ለምኜው ቦታዋን እስከ ነሐሴ መጨረሻ ይጠብቅላታል። ካልተመለሰች ልጆቿ ወደ እኔ ክፍል ይደረባሉ። ክፍሉን ታውቂዋለሽ፤ ግማሾቹ መሬት ላይ ይቀመጣሉ፣ እኔም ከፊት ያሉትን ብቻ አስተምራለሁ። አንቺ የሄድሽ ዓመት እንደዚያው ነበር። ያን ጊዜ መሬት ላይ ከነበሩት ስንቶቹ ዛሬ ገበያ እንዳሉ ስወርድ አያለሁ፤ «ቲቸር» ይሉኛል፣ አንብቡ ብላቸው ግን አያነቡም።

አሁን የምለምንሽን ስሚኝ። ለፋርሂያ ሥራ ከመፈለግሽ በፊት አንቺ የምትሠሪበት ቦታ ውሰጃት። በር ላይ አታቁሚያት፤ እስከ ውስጥ አስገቢያት፣ አንድ ቀን አብራሽ ትዋል። ለእኔ ምንም መናገር የለብሽም። ጠይቄሽ አላውቅም፣ አልጠይቅሽምም። እሷ ግን አይታ ትወስን። ሁለት ዓመት ሙሉ ልጆቹ ያሉበትን ሄደሽ እይ ያልኳትን ልጅ፣ ሳታይ ሂጂ ማለት አልቻልኩም።

የጅቡቲ መስመር ሾፌሮች ሙቀቱ ሲበረታ እዚያ ትምህርት ቤት ይዘጋል ይላሉ። እኔ ሐምሌን ነይ ስልሽ ትምህርት አለብኝ አልሽኝ። እሺ አልኩ። ባለፈው በቪዲዮ ስንነጋገር ሻሽሽን ልታስተካክዪ እጅሽን አነሳሽ፤ ቶሎም መለስሽው። ዕድሜዬን ቾክ ይዤ ኖሬያለሁ፣ ሆዮ። ቾክ እጅ ያደርቃል፤ እንደ በረኪና ቆዳ አይልጥም።

አላህ ካለሽበት ይጠብቅሽ። ከክፉ ሰው በር ይመልስሽ። ፋርሂያ ስትመለስ ብቻዋን ባትመለስ፣ በዚያ ቀን ምንም ሳልጠይቅ በሩን እከፍታለሁ።

እናትሽ ሃዎ